የራሳቸውን መጽሐፍ «የሰረቁት» ሽማግሌ

ሰው የራሱን ንብረት ሊሰርቅ ይችላል? ይህን ለአንድ ጠበቃ ወዳጄ ባቀርብለት ሳቀብኝ። «የራስህን ላም ከራስህ በረት አውጥተህ ብትነዳ ማን ከሳሽ ይነሳብሃል?» አለኝ። የላሙን ነገር እሱ ያውቃል። እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ መጽሐፍ ነው፤ የራሳቸውን መጽሐፍ ሰረቁ ተብለው ስለተከሰሱ አንድ ሽማግሌ። ከሳሹ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ልጅ ነው። ችሎቱ ደግሞ ውክፔዲያ።

መቼም ውክፔዲያን የማያውቅ የለም። ቢያንስ ልጆቻችሁ የቤት ሥራቸውን ሲገለብጡበት አይታችኋል። ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ ሌላው የጻፈውን የሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተጀመረ፤ ዛሬ እንግሊዝኛው ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉት። የእኛው አማርኛ 15 ሺህ ገደማ ላይ ነው። ከነዚያም ውስጥ ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ተጽፎባቸው ባለቤት ያጡ ሞልተዋል። አዘውትረው የሚጽፉትና የሚያርሙት በጎ ፈቃደኞች ጥቂት ናቸው። ክሱ የተነሳው እንዲህ ሰው በጠፋበት ቤት ውስጥ መሆኑን ያዙልኝ።

ሽማግሌውን ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፤ «ስሜን ጋዜጣ ላይ እንዳታወጣ» ብለውኛል። የድሬዳዋ ሰው ናቸው። በምድር ባቡር ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ መጀመሪያ በጥገና ክፍል፣ ኋላ በመዝገብ ቤት። ጡረታ ሲወጡ ደብተር ገዙና የቀድሞ ባልደረቦቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ጀመሩ። ማን መቼ ተቀጠረ፣ ደመወዙ ስንት ነበር፣ ፈረንሳዮቹ አለቆች ምን ይሉ ነበር፣ ጫት የጫነው ባቡር ስንት ሰዓት ይነሳል። በ1994 ዓ.ም. መጽሐፍ አደረጉት። ያኔ የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች መንገዱ ቆላውን ይዞ ቀረ፤ በቀረበትም ቦታ አዲስ ከተማ ተወለደ። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኗል። እና ጋሼ ባቡሩ ድሬዳዋ የገባበት መቶኛ ዓመት ከመድረሱ በፊት ላድርስ ብለው፣ ከኪሳቸው ከፍለው አንድ ሺህ ኮፒ አሳተሙ። ግማሹ ተሸጠ። ግማሹ ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለጠያቂ ስጦታ እየሆነ አለቀ።

መዝገበ ዕውቀቱን ያሳየቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ስለ ባቡሩ የተጻፈውን አነበበችላቸው። አራት መስመር ነው።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«የፈለገ ሰው።»

«የፈለገ ሰው ማለት?»

«እርስዎም ቢፈልጉ።»

ጋሼ ይፈልጋሉ እንጂ! የመጽሐፋቸውን ሦስተኛ ምዕራፍ አስቀምጠው፣ በሁለት ጣት፣ ሦስት ሌሊት ፈጅተው ጻፉት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲከፍቱት አራት መስመሯ ተመልሳ ቁጭ ብላለች። ውይይት በሚባለው ገጽ ላይ ደግሞ መልእክት ይጠብቃቸዋል። ጽሑፉ ከአንድ ድረ ገጽ ቃል በቃል የተቀዳ ስለሆነ በቅጂ መብት ምክንያት ተሰርዟል፣ «ከየት እንዳመጣኸው ግለጽ» ይላል።

ለእኔ ሲደውሉ በጣም ያናደዳቸው ስርቆቱ አልነበረም። «አንተ አለኝ እኮ! ሰባ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ አንተ!» ኢንተርኔት ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ በምን ይታወቃል ብዬ ለማስረዳት ብሞክር «ካልታወቀ እርስዎ አይባልም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም እዚያ አልፎ አልፎ ፊደል አርም ስለነበር ነገሩ ለእኔ ወረደ።

ድረ ገጹን ከፍቼ አየሁት። እውነትም የጋሼ ምዕራፍ ነው፤ ከሀ እስከ ፐ። የተለጠፈው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የጸሐፊ ስም የለውም። ልጁ ያደረገው ትክክል ነበር። አንድ አረፍተ ነገር ገልብጦ ፈለገ፣ አገኘ፣ ቀኑን አየ፣ ሰረዘ። ሊያውቅ ያልቻለው ድረ ገጹ ራሱ ከመጽሐፉ የተገለበጠ መሆኑን ነው። ይህን ማስረዳት ግን ከባድ አልነበረም። የጋሼ መጽሐፍ ሲታተም ለቃሚው አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ «ሃያ ፉርጎ» የሚለውን «ሃያ ፉርኖ» ብሎታል። ባቡሩ ዳቦ ተሸክሞ ሲነጉድ ይታያችሁ! ድረ ገጹም ላይ ፉርኖው አለ። የብራና መጻሕፍት ሊቃውንት የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደተቀዳ የሚለዩት በጋራ ስህተታቸው ነው ይባላል፤ እኛም በዳቦ ያዝነው።

ልጁን በውይይት ገጹ አግኝቼ ስድስት ኪሎ አካባቢ ተቀጣጠርን። ጋሼ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ልጁ ከመቀመጫው ተነስቶ ጨበጣቸው። አንቱታውንም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አላጎደለም። ግን መጽሐፉን አይቶ ዝም ብሎ አልተቀበለም። በማግሥቱ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄዶ እዚያ ያለውን ኮፒ አውጥቶ የታተመበትን ዓመት አረጋገጠ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ይቀየማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። «መዝገብ ቤት ቢሠራ ይዋጣለት ነበር» አሉ።

ስለዚህ ጽሑፉ ተመለሰ? አልተመለሰም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ደራሲ የሚደናገረው። የሌላ ሰው አለመሆኑ ቢረጋገጥም የጋሼ ነዋ! በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት (በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል) አንድ ጽሑፍ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለሃምሳ ዓመት የደራሲውና የወራሾቹ ሀብት ነው። መዝገበ ዕውቀቱ ደግሞ የሚቀበለው ለማንም የተለቀቀ ጽሑፍ ነው። ማንም ሊገለብጠው፣ ሊለውጠው፣ አልፎም አትሞ ሊሸጠው ይችላል፤ ግዴታው የጸሐፊውን ስም መጥራትና የለወጠውንም በዚያው ፈቃድ መልቀቅ ነው። «ለውክፔዲያ ብቻ ፈቅጃለሁ» የሚባል ነገር አይሠራም። ደራሲው ከፈለገ ለዚሁ ለተመደቡ በጎ ፈቃደኞች በኢሜይል ፈቃዱን ይልካል፤ እነሱም የእሱ መሆኑን አይተው ይመዘግባሉ። አንዴ ከለቀቀ በኋላ መልሱልኝ የለም።

ልጁ ይህን ሲያስረዳ ጋሼ አቋረጡት።

«መርካቶ አትሞ የሚሸጠውም ይችላል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ስምዎን እስከጠራ ድረስ።»

«ስሜን የሚጠራ ቢኖርማ መች እዚህ እንገናኝ ነበር!»

በመጨረሻ አልለቅም አሉ። መብታቸው ነው፤ እኔ ብሆንም አልለቅም። መፍትሔው ታዲያ ቀላል ነው። የተጠበቀው የጋሼ አረፍተ ነገር እንጂ ባቡሩ የገባበት ዓመት አይደለም። አዋጁም ሐሳብንና ተራ መረጃን ከጥበቃው ውጭ አድርጎታል። ፍሬ ነገሩን በሌላ አነጋገር ጽፎ ከግርጌ መጽሐፉን መጥቀስ ነው። ጋሼ ቤታቸው ገብተው እንዲያ አደረጉ። አምስት አንቀጽ ጻፉ፤ በየአንቀጹ ግርጌ የራሳቸውን መጽሐፍ ከነገጹ ጠቀሱ።

ሁለተኛው ክስ መጣ። አሁን ሌላ አራሚ ነው፤ ራስን መጥቀስ አይቻልም የሚል።

የሕጉን ምክንያት ላስረዳላችሁ፤ የመጣው ከምቀኝነት አይደለም። ማንም የሚጽፍበት ቤት ከሆነ ማንም ስለ ራሱ ይጽፋል። «ዝነኛው»፣ «ተወዳጁ»፣ «በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነው» እያለ ራሱን አሞግሶ፣ ምንጭ ተብሎ ሲጠየቅ የራሱን በራሪ ወረቀት የጠቀሰ አይቻለሁ። የመዝገበ ዕውቀቱ መሥራች ጂሚ ዌልስ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ራሱ በተጻፈው ገጽ ላይ እየገባ ሲያርም፣ በተለይ ላሪ ሳንገር አብሮት እንደመሠረተ የሚናገረውን ሲነካካ ተገኝቶ ተወቅሷል፤ ባላደረግሁት ኖሮ ሲልም ተጸጽቷል። መሥራቹ ያልቻለውን ፈተና ሌላው ይቻለዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሕጉ ግን በደፈናው ከልካይ አይደለም። ሥራህ የታተመና የታመነ ከሆነ፣ ከርዕሱ ጋር ከተያያዘ፣ ካላበዛኸው ጥቀስ፤ ከተጠራጠርክ በውይይት ገጽ አቅርበህ ሌላው ይፍረድ ነው የሚለው።

በዚህ ነገር ከጋሼ እጅግ የሚበልጥ ሰውም ተንገላቷል። አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2012 ዘ ሂውማን ስቴይን ስለተባለው ልቦለዱ የተጻፈውን ያነብና ስህተት ያገኛል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ታሪክ ከአናቶል ብሮያርድ ሕይወት ሳይወሰድ አልቀረም ይላል ገጹ። ሮዝ ደግሞ መነሻዬ ወዳጄ ፕሮፌሰር ሜልቪን ቱሚን ላይ የደረሰ ነገር ነው ባይ ነው። በሰው በኩል ይታረም ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ደራሲው ስለ ራሱ ሥራ ትልቅ ምስክር መሆኑን እንረዳለን፤ ቢሆንም ሌላ ምንጭ ያስፈልገናል የሚል ነበር። ሰውየው ዘ ኒው ዮርከር በተባለው መጽሔት ላይ ረጅም ግልጽ ደብዳቤ አወጣ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ገባ፤ ምንጩም ያው ደብዳቤው ሆነ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ስቋል። ያው ሰው፣ ያው ቃል፣ ወረቀቱ ብቻ ተለወጠ እያለ። እኔ እንደ ሌላው አልሳቅሁም። መጽሔት ሲሆን አዘጋጅ አለበት፣ ፊርማ አለበት፣ ነገ ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ አለ። ደግሞም የብሮያርድን ነገር ያነሱት ራሳቸው የቻሉ ተቺዎች ነበሩ፤ ተቺዎቹ ያሉትን መመዝገብም ስህተት አይደለም።

ችግሩ ሮዝ ኒው ዮርከር አለው። ጋሼ ምን አላቸው?

ሁለተኛው አራሚ ያነሳው ሌላም ነጥብ ነበር። መጽሐፉ በራስ ወጪ የታተመ ስለሆነ አይታመንም፤ ያነበበው፣ የገመገመው አሳታሚ የለም አለ። በፈረንጅ አገር ይህ ያስኬዳል። እዚያ ደራሲ በራሱ ገንዘብ አሳተመ ማለት አሳታሚ ዘግቶበታል ማለት ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ከመደርደሪያችሁ ላይ ካሉት የአማርኛ መጻሕፍት ስንቱ ነው ደራሲው ራሱ ተበድሮ፣ ዕቁብ ወጥቶለት ያላሳተመው? በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረ፤ ረቂቅ ይቀበላል፣ ይገመግማል፣ ይጥላል፣ ያነሳል። ከሱ ወዲህ ማተሚያ ቤት ማለት ገንዘብህን ተቀብሎ ወረቀት የሚያቀልምልህ ነው። በዚህ መስፈርት ከሄድን ጥሩውም መጥፎውም አንድ ላይ ከደጅ ይቀራል።

የመጀመሪያው ልጅ ግን ቅን ነበርና አንድ መውጫ አቀረበ። «ሌላ ሰው የእርስዎን መጽሐፍ ጠቅሶ የጻፈው ነገር ካለ አምጡልኝ። አንድ እንኳ ይበቃናል።» እኔ ደስ አለኝ። አንድ ምን ችግር አለው? ሃያ ዓመት የቆየ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ድሬዳዋ ባቡር የሚያወራ ሁሉ ሳያነበው አይቀርም።

አንብበውታል። አንድ ወር ሙሉ ስፈልግ ከረምኩ። አንድ የከተማ በዓል መጽሔት አገኘሁ፤ ሁለት ገጽ ከጋሼ የተወሰደ ነው። አንድ የሬዲዮ ዝግጅት በተከታታይ እንዳነበበው የሰሙ ሰዎች ነገሩኝ፤ ተራኪው «ከልዩ ልዩ ምንጮች ያገኘነው» ብሎ ነበር አሉ። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አገኘሁ፤ የጋሼን ሦስት ቃለ መጠይቆች ተመራማሪው ራሱ እንዳደረጋቸው አስመስሎ አስገብቷል። ከተጠየቁት ሽማግሎች አንዱ ተመራማሪው ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ የሞቱ ናቸው። በመጽሔቱም በመመረቂያ ጽሑፉም ላይ ፉርኖው አለ። የጋሼ ስም ግን አንድም ቦታ የለም።

ያን ዕለት ነገሩ ገባኝ። ጋሼ ብቻቸውን የቀሩት ሰው ስላልተጠቀመባቸው አይደለም። ሁሉም ተጠቅሞ ማንም ስላልጠራቸው ነው። «ሌላ ማን ብሏል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ጸጥታ የሆነው፣ ያሉት ሁሉ ከማን እንዳገኙት ስላልተናገሩ ነው። ባሰበት ቀን ደግሞ ልጁ ምን አለ መሰላችሁ? «እንግዲህ መጽሔቱን ምንጭ አድርገን መጥቀስ እንችላለን፤ እሱ አዘጋጅ አለው።» ጋሼ ኩባያቸውን አስቀመጡ። «ሌባውን ምስክር አድርገህ እኔን ልታስወጣ ነው?» ልጁ ጆሮው ቀላ። ሆን ብሎ አይደለም፤ መጽሐፉን ሳያይ ቢሆን ኖሮ ሕጉ የሚመራው ቀጥታ ወደዚያ ነበር። ዛሬም ሌላ ቦታ፣ ሌላ ርዕስ ላይ፣ እንዲህ እየሆነ አይደለም ብሎ የሚምል ካለ ይምጣ።

አባቶቻችን ስማቸውን አይጽፉም ነበር፤ ትሕትና ነው እየተባለ ሲነገረን አድገናል። ስንት ድርሳን ደራሲው ሳይታወቅ ቀርቷል። ይህ ግን ደራሲው ራሱን ሲደብቅ እንጂ ሌላው ሲደብቀው አይደለም። የቅኔ ቤቱን እዩ። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የነገረ ቢገኝ እፍረቱ ከዱላው ይብሳል። የሚገርመው በማኅሌት ላይ አዲስ ቅኔ ማፍሰሱን «ዘረፋ» ይሉታል። ቅኔ ዘረፈ ማለት ከራሱ አውጥቶ ሰጠ ማለት ነው። ቃሉ አሁን የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። እኔም ብሆን አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ የራሴን ጽሑፍ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። አቅራቢው መሃል ላይ ቆም አለና «እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ…» ብሎ የእኔን ሦስተኛ አንቀጽ ቀጠለ። ረዳቱ «ይሄ ሰውዬ ሲያስብ!» አለ። ሂሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ከብዙ ክርክር በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጋሼ በቀጥታ አይጽፉም፤ እንዲገባ የሚፈልጉትን ከነገጹ በውይይት ገጽ ላይ ያቀርባሉ፤ ልጁ መጽሐፉን አይቶ በራሱ ቃል ይጽፋል፣ መጽሐፉንም እሱ ይጠቅሳል። መጽሔቱ አልተጠቀሰም። እኔ እንደማየው ፍርዱ ሚዛናዊ ነው። አራት መስመሯ ዛሬ ሁለት ገጽ ሆናለች፤ ከግርጌም የጋሼ ስም አለ።

አንድ አንቀጽ ግን እስከ ዛሬ ውጭ ቀርቷል። የሠራተኞቹ ዕድር መቼና በእነማን እንደተመሠረተ የሚናገረው ነው። ይህ በመጽሐፉ ውስጥም የለም፤ ያኔ ገጽ ሲበዛ የማተሚያው ዋጋ ስለጨመረ ጋሼ ቆርጠውታል። ያለው ደብተሩ ላይ ብቻ ነው። የነገሯቸው ሦስት ሰዎች ሁሉም አልፈዋል። መዝገበ ዕውቀቱ ደግሞ ቀድሞ ያልታተመ ነገር አይቀበልም፤ ይህ ከዋና ሕጎቹ አንዱ ነው። በዚህ ላይ የተፈላሰፈ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በህንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎች የሚያውቁትን በድምፅ ቀርጾ ቀረጻውን እንደ ምንጭ ለመጥቀስ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ለሌላቸው ቋንቋዎች መንገድ ይከፍታል ተብሎ። ለልጁ ይህን ሳነሳለት «አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ለጋሼ ከፈቀድኩ ነገ አያቴ ነገረችኝ እያለ የሚመጣውን በምን እመልሳለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጋሼም እውነታቸውን ነው፤ ዕድሩን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሁለተኛ እትም ሊያወጡ ነው፤ ዕድሩን ጨምረው። የልጅ ልጃቸው ደብተሩን በኮምፒዩተር እየጻፈችላቸው ነው፤ ባለፈው ስጠይቃት ከግማሽ አልፋለች። የማተሚያ ቤቱን ዋጋ የሰሙ ዕለት «በዚህ ብር ሐዲዱን እንደገና አነጥፈው ነበር» ብለው ሁለት ቀን ኩርፊያ ላይ ነበሩ። አሁን የሚያበድራቸው ዘመድ ተገኝቷል።

እኔ እርማት እያየሁላቸው ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ፉርኖውን አግኝቼ በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ።

«እሱን ተወው» አሉኝ። «ሌባዬን የምይዘው በሱ ነው።»